በሚካኤል ቀን የከመርኩት ገብስ

ትናንት፣ የኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ ከቅዳሴ ወጥተን ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ የማኅበሩን ዳቦ ስንቆርስ... በዓባይ በኩል ሰማዩ ጠቆረ።

እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ይኼን የምትጽፍልኝ ምራቴ ናት፤ አንድም ቃል እንዳታሳምሪ ብያታለሁ። ሰማይ በማንበብ ግን በመካነ ሰላም ዙሪያ የሚበልጠኝ የለም። ያ ደመና ለጨዋታ የመጣ አልነበረም።

የሁላችንም ገብስ ተከምሯል። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያለው የዘነቡ ማሳ ላይ ግን ነዶው ታጭዶ እንደተኛ ነው። ዘነቡ ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ልጇን ልታስታምም ሆስፒታል ከገባች ሳምንቷ። ያ ገብስ ዝናብ ከመታው እዚያው መሬት ላይ ይበቅላል። ዓመቱን ምን ትበላለች? አንጀቴ ተላወሰ።

ችግሩ ቀኑ ነው። በእኛ አጥቢያ በሚካኤል ቀን ሥራ የነካ ከማኅበር ይወጣል። ደንቡን የማስከብረው ደግሞ እኔው ነኝ... አምና እንጨት ሲፈልጥ ያገኘሁትን ሰው ጉድ አድርጌዋለሁ።

ተነሣሁ። «የዘነቡን ገብስ ልከምር ነው፤ የሚከተለኝ ይከተለኝ!»

አንዱ ጎረምሳ ሳቀ። «አያ ሙላት፣ እርስዎንስ ማን ሊቀጣዎት ነው?»

«ሚካኤል ይቅጣኝ! አንተ ዳቦህን ብላ።»

ቄሱን አየኋቸው። ዓይናቸውን እያሹ «ከዚህ እስከ ማሳው አይታየኝም» አሉ። ቄስ ማለት እንዲህ ነው።

አሥራ ሁለት ሰው ነጠላውን ወገቡ ላይ አሥሮ ተከተለኝ፤ ያ የሳቀውም አለበት። እነሱ ነዶ ያቀብላሉ፣ እኔ ከላይ ሆኜ እከምራለሁ። በእኔ እጅ የተከመረ ክምር ውኃ ገብቶት አያውቅም።

ግማሽ እንዳደረስን አንድ ሰው እየሮጠ መጣ። ይመር! ከይመር ጋር አምስት ዓመት ሰላምታ የለንም። ሽማግሌ ፊት ውሸታም ብሎኛል።

«ምን ልትሠራ መጣህ?» አልኩት ከላይ።

ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። «አያ ሙላት... ገብሱ እኮ የእኔ ነው። ዘንድሮ ማሳውን ዘነቡ ለእኔ አከራይታኛለች። አጭጄ ሳልከምረው ወረኢሉ ለቅሶ ሄጄ፣ አሁን ከመኪና መውረዴ ነው።»

ወደ ታች አየሁ። አሥራ ሁለቱም መሬት መሬት ያያሉ።

«ታውቁ ነበር?»

«‹የይመር ስም በፊቴ እንዳይነሣ› ብለው የለ!» አለኝ ያ ጎረምሳ።

እውነቱን ነው፣ ብያለሁ። ደሜ ፈላ። ነዶውን ወርውሬ ልወርድ አንድ እግሬን ሰደድኩ።

የመጀመሪያው ነጠብጣብ ሲወርድ ይመር ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። ስድስት ልጅ አለው... ያ ለዘነቡ የተላወሰ አንጀቴ፣ ሳልፈቅድለት፣ ለእሱም ተላወሰ።

እግሬን መለስኩ። «ምን ያስገትርሃል? ነዶ አቀብል! አብሽር፣ እንደርሳለን።»

አቀበለኝ። አናቱን ደፍኜ ስጨርስ ዝናቡ ለቀቀው። ይመር ተሸክሞ አወረደኝና ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ አለ። «ተው አንተ፣ በስብሰናል!» ብዬ አቀፍኩት። አሥራ ሁለቱ እልል አሉ፤ ወንድ እልል ሲል ገና ትናንት ሰማሁ።

ዛሬ ጠዋት ቄሱ አስጠርተው አርባ ስግደት ሰጡኝ።

«በዓሉን ስለሻርኩ ነው?» አልኳቸው።

«የለም፣ ለአምስቱ ዓመት ነው» አሉኝ።

ሰግጃለሁ። ጉልበቴን ያመኛል... በቀረው ሁሉ ደህና ነኝ።