ለበለስ ማጽጃዬ የፈረምኩት ውል

ታላቅ እህቴ ቀዳማይ ወያነ ገበያ ዳር በለስ ትሸጣለች። ክረምት በመጣ ቁጥር ከገበያ ስትመለስ እጇን ወደ መስኮቱ ታቀርብልኛለች፤ ጸጉር የመሰለውን እሾህ በወረንጦ እለቅምላታለሁ። እኔ የብረታ ብረት ሥራ አስተማሪ ነኝ። ሁለት ክረምት ስሞካክር ቆይቼ ከብስክሌት ሰንሰለትና ከብሩሽ በእጅ የሚዞር የበለስ ማጽጃ ሠራሁላት። አንድ ወቅት ሙሉ ጣቷ ሳይቆስል ከረመች።

ደጅ ጠንቼ የፈጠራ ባለቤትነት ወረቀቱን አወጣሁ። ብዙም ሳይቆይ ከአዲስ አበባ አንድ የፍራፍሬ ማቀነባበሪያ ኩባንያ ደወለልኝ። ወኪላቸው ወጣት ሴት ነበረች፤ ሓወልቲ አካባቢ አንድ ሆቴል ውስጥ ተገናኘን።

"ብቸኛ ፈቃድ ለአምስት ዓመት ይስጡን፤ በብዛት እናመርተዋለን" አለችኝ።

"እስከዚያ እኔ መሥራት አልችልም ማለት ነው?"

"እርስዎ ከእንግዲህ ለምን ይደክማሉ?"

ፈረምኩ። የእህቴንም ማሽን ለናሙና ብለው ወሰዱት።

ከዚያ በኋላ ስልክ መደወል ሥራዬ ሆነ። አንዴ ጥናት ላይ ነው ይሉኛል፣ አንዴ በመብራት የሚሠራ ይሁን ተብሏል ይሉኛል። ቆይቶ ደግሞ ሥራ አስኪያጁ ተቀየረ፤ አዲሱ ስለ በለስ ሰምቶም አያውቅም። ሁለት ክረምት እንዲሁ አለፈ።

"ሓወይ፣ ወንድሜ፣ ያችን ማሽን መልሰህ አትሠራልኝም?" አለችኝ እህቴ አንድ ቀን፣ እጇን እንደያዝኩት።

"ፈርሜያለሁ እኮ።"

"አንተ ብትፈርም እሾሁ ያለው እኔ እጅ ላይ ነው።"

በማግስቱ ውሉን ይዤ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ወደሚያስተምር አንድ ወዳጄ ሄድኩ። ጎንደሬ ነው፣ ነገር አያለባብስም። ሁለት ጊዜ አነበበው።

"ካላመረቱ መብቱ ይመለስልሃል የሚል አንቀጽ የለውም። ምን ነክቶህ ፈረምክ?"

"ሥራዬን የሚፈልግ ሰው መጣ ብዬ ነዋ።"

ከዚያ ወረቀት ሳበና ማሽኑን ራሴ እንድሠራ እንዲፈቅዱልኝ ለኩባንያው ደብዳቤ አብረን ጻፍን።

መልሱ የመጣው በለስ ከገበያ ከጠፋ በኋላ ነው። ለቤተሰብ መገልገያ አንድ ብቻ፣ ለሽያጭ ያልሆነ፣ መሥራት ተፈቅዶልኛል ይላል። የገዛ እጄን ሥራ እንድሠራ ተፈቀደልኝ! መናደድ ነበረብኝ፤ ግን አቅሙም አልነበረኝም። በበጋው ቀስ እያልኩ ሠራሁት፤ እንደ ፊተኛው አላስደሰተኝም።

ክረምት ሲገባ ተሸክሜ ገበያ ወሰድኩላት። እህቴ የራሷን በለስ ስትጨርስ አጠገቧ ያሉት ሻጮች ሳፋቸውን እየያዙ መጡ። "ለእኛስ መቼ ነው የምትሠራልን?" አለችኝ አንዷ።

ስለ ውሉ ልነግራት ጀምሬ ደከመኝና ተውኩት። እህቴ የሴትዮዋን ሳፋ ተቀብላ እጀታውን ማዞር ጀመረች። እኔም አንድ ጄሪካን ስቤ ተቀመጥኩ።