ሃያ ሦስት የጭቃ ጎጆዎች

ጭቃ እጠላለሁ። የመንገዱን ጭቃ ማለቴ አይደለም፤ እሱስ ጫማ ላይ ይቀራል። ሕፃን ልጅ በምራቁና በንፍጡ ለውሶ፣ ትል ጨምሮበት፣ «እንኪ ኬክ» ብሎ መዳፌ ላይ የሚያስቀምጠውን ነው የምለው። እፍ! መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት በፅዳት ሠርቼ እስከ ዛሬ አልለመድኩትም።

የዚህ ሁሉ ጣጣ ምንጭ አንዲት መምህርት ነበረች። እትዬ ጭቃ ነበር የምንላት፣ ያውም ፊት ለፊቷ፤ ትስቃለች እንጂ አትቀየምም። ቀጭን፣ ረጅም፣ ከጥፍሯ ስር አፈር የማይጠፋ ሴት ናት። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የአራት ዓመት ልጆች አስተምራለች። አላገባችም፣ አልወለደችም። ለምን ሲሏት «እናንተ የወለዳችሁትን መቼ ጨረስኩና!» ትላለች።

ዝናቡ አባርቶ ሣሩ ቀና ቀና ማለት ሲጀምር እሷን ክፍል ውስጥ ማግኘት ዘበት ነው። ልጆቹን አሰልፋ ወደ ጓሮ! እዚያ አበባ በድንጋይ ይወቅጡና ጭማቂውን ነጭ ጨርቅ ላይ ያትማሉ። ቅጠል ከወረቀት ስር አስገብተው በከለር ይፈትጉታል፤ የቅጠሉ ጅማት አንድ ሳይቀር ወረቀቱ ላይ ይወጣል። ቀንድ አውጣውን ሁሉ እንደ ዘመድ ስም አውጥተውለት ይጠሩታል። አንድ ቀን የመወልወያ ባልዲዬ ውስጥ ሰባት ቀንድ አውጣ አገኘሁ። «ገላቸውን እየታጠቡ ነው» አለኝ አንዱ ኩታራ። ምሳዬን ሳልበላ ዋልኩ።

«እትዬ፣ ስለ ፈጠረሽ፣ እነዚህን ልጆች እንደ ሰው አጫውቻቸው» እላታለሁ።

«ሰው ከምን ተሠራና?» ትለኛለች። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ!

ውለታዋን ግን አልክድም። የልጅ ልጄ ሚጢ ሰው ባየች ቁጥር ቀሚሴ ውስጥ የምትሸጎጥ ልጅ ነበረች። እናቷ ስፌት ፋብሪካ ስለምትውል ይዣት እመጣና ባልዲዬ አጠገብ አስቀምጣት ነበር። እትዬ ጭቃ ማንንም ሳታስፈቅድ እጇን ይዛ ክፍሏ አስገባቻት። በወሩ ጓሮውን የምታዝዘው ሚጢ ሆነች፤ «አንተ ሣር አምጣ፣ አንቺ ውሃ ጨምሪ» ትላለች። እኔም ልብሷን እያጠብኩ እራገማለሁ።

እኛ መዋዕለ ሕፃናት አንድ ልማድ አለ። የወላጆች ቀን ሦስት ቀን ሲቀረው መምህራኑ ተሰብስበው ወረቀት ይቆርጣሉ፤ አበባ፣ ቢራቢሮ፣ ምን የመሰለ ነገር ይለጥፋሉ። ከዚያ ከየሥሩ የልጅ ስም ይጽፉበታል። ወላጅ ያጨበጭባል፣ ፎቶ ያነሳል። ዐይን ያወጣ ውሸት ነው፤ ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ዝም። እውነት ለመናገር እኔንም ምንም አይመስለኝም ነበር፤ ቁርጥራጭ ወረቀት መጥረግ ጭቃ ከመፋቅ ይሻላል። ከዚህ ልማድ ያፈነገጠችው እትዬ ጭቃ ብቻ ናት፤ የድሮው ዳይሬክተርም ትተዋት ነበር።

ዘንድሮ አዲስ ዳይሬክተር መጣች። በዕድሜ ልጄ ናት፣ ግን ያለ «አንቺ» አትጠራኝም። የእትዬ ጭቃን ክፍል ስትጎበኝ መስኮቱ ስር ሃያ ሦስት የጭቃ ጎጆ ተደርድሮ እየደረቀ ነው። የወፍ ጎጆ መሆኑ ነው። ሣር የተሰገሰገበት አለ፣ የዶሮ ላባ የተተከለበት አለ፣ በጠጠር ዕንቁላል የተሞላ አለ። አንደኛው ከነትሉ ነው።

«ይሄ ነው የሚሸተው?» አለች አፍንጫዋን ይዛ። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ሲባል አልሰማሽም? ወላጅ ፊት የሚቀርብ ነገር አምጪ።»

«ለራት አልተቦካም» አለች እትዬ ጭቃ። «የልጆቹ ሥራ ከዚህ ከተነሳ እኔም እነሳለሁ። ተመልሼም አልመጣም።»

መጥረጊያዬን ይዤ በር ላይ ቆሜ ነበር። ስትቀልድ አውቃታለሁ፤ ያን ቀን አልቀለደችም።

የወላጆች ቀን ዋዜማ፣ እትዬ ጭቃ ልጆቹን ሸኝታ እንደወጣች ዳይሬክተሯ ጠራችኝ።

«ያንን ቆሻሻ አንሺልኝ። ፅዳት ያንቺ ሥራ አይደል?»

ሥራዬ ነው። ፈርቼ ነው ብል ደስ ባለኝ። ግማሹ ፍርሃት ነበር፤ ግማሹ ግን ግልግል ነበር። ጓንቴን አጥልቄ አንድ በአንድ ጆንያ ውስጥ ከተትኳቸው። ጉንዳን ክንዴ ላይ ሲወጣብኝ ጮህኩ። የሚጢ የቱ እንደሆነ አላየሁም፤ ማየትም አልፈለግሁም። መስኮቱን በበረኪና ወለወልኩ። ዳይሬክተሯ ግድግዳው ላይ ሃያ ሦስት የወረቀት አበባ ሰቀለችና በዚያ ባማረ የእጅ ጽሑፏ ሃያ ሦስት ስም ጻፈች።

በማግስቱ ክፍሉ በወላጅ ጢም አለ። እትዬ ጭቃ ገባች፣ ግድግዳውን አየች፣ መስኮቱን አየች። ከዚያ እኔን አየችኝ። እኔ ወለል ወለሉን አየሁ።

ልጄ የፋብሪካ ሽርጧን እንኳ ሳታወልቅ እየሮጠች ደረሰች። «ውይ ሚጢዬ! ይሄን አንቺ ነሽ የሠራሽው?» ስልኳን አወጣች።

ሚጢ አበባውን አየችው። «አይደለም። የኔ ላባ አለው» አለች። ወደ ባዶው መስኮት ጠቆመች።

«ስምሽ ተጽፎበት የለ እንዴ!» የልጄ ፊት ቅጭም አለ። ሰውም ዞሮ ማየት ጀመረ።

ዳይሬክተሯ ፈገግ ብላ ጎንበስ አለች። «አፍራ ነው። አንቺ ነሽ አይደል የሠራሽው፣ የኔ ቆንጆ?»

ሚጢ እሷንም እናቷንም አላየችም። ያየችው እኔን ነው። እትዬ ጭቃም እኔን ታያለች። «እኔ ነኝ የጣልኩት» ብል ያልቅ ነበር። ሦስት ቃል! እኔ ግን ለልጅቷ ራሴን ነቀነቅሁላት፤ አዎ በያቸው ዓይነት።

«አዎ» አለች ሚጢ። ተጨበጨበ።

እትዬ ጭቃ ሃያ ሦስቱንም ልጆች እየዞረች ሳመች። ሽርጧን ፈትታ ወንበሯ ላይ አስቀመጠች። በር ላይ ሮጬ ደረስኩባት።

«እትዬ፣ ስደቢኝ እንጂ!»

«ጎጆውን መጣልሽ አላናደደኝም» አለች። «ጭቃ ነው፣ ነገ ይቦካል። ራስሽን ስትነቀንቂ ግን አየሁሽ።» ሄደች። ተመልሳም አልመጣችም።

አሁን ጓሮው ሲሚንቶ ፈሶበታል። ለመወልወል ምቹ ነው፤ ልጆቹም ንጹሕ ሆነው ይውላሉ። እኔ ግን መስታወት ፊት ስቆም ያቺን የተነቀነቀች ራሴን አይና ያንገሸግሸኛል። ንፍጥና ትል እንዲህ አስጸይፎኝ አያውቅም።

ባለፈው እሑድ ሚጢ ወለሉ ላይ ተንበርክካ ስትስል ጎረቤታችን ገባች። «ጎሽ! ይሄን የመሰለ ሥዕል ማነው የሣለው?» አለቻት።

ሚጢ ከለሯን አስቀመጠችና ቀና ብላ አየችኝ።

«እማማ፣ ማን ልበል?»