እግሬን እንዳታጥብ የከለከልኩበት ክረምት

የስኳር በሽታ እንዳለብኝ በተነገረኝ ዓመት ልጄ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። እናቷ ከሞተች ወዲህ ቤቱን የያዘችው እሷ ነች። እኔ መቱ ከተማ ላይ፣ ፍርድ ቤት አጠገብ ባለች በረንዳ፣ ለባለጉዳይ ማመልከቻ እየጻፍኩ የምኖር ሰው ነኝ። ትምህርት ቤት ያየሁት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ የቀረውን በራሴ ተማርኩ። የመንግሥት ሥራ በኦሮምኛ ሲሆን የላቲን ፊደሉን፣ ቁቤውንም፣ ማንም ሳያስተምረኝ ለመድኩ። በራሱ የተማረ ሰው አንድ ጉድለት አለው፤ ሌላ ሰው፣ ያውም ልጁ፣ ሊያስተምረው ሲሞክር ጆሮው ይደፈናል።

ከጤና ጣቢያ የሰጡኝን ወረቀት ያነበበችው እሷ ነች። በዚያው ቀን ስኳሩን ከቤት አወጣች። ጠዋት ባጃጅ እንዳልሳፈር ትከለክለኛለች። «አባዬ፣ በእግርዎ ይሂዱ፤ ቁልቁለት ነው» ትላለች። ከሥራ ስመለስ ደግሞ እግሬን ታጥባለች። ይህ በቤታችን የቆየ ደንብ ነው፤ ልጅ ያጥባል፣ አባት ይመርቃል። እኔም የክብር ነገር መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ እመርቃት ነበር። እሷ ግን የስልኳን መብራት አብርታ በጣቶቼ መካከል ቁስል ትፈልግ ነበር።

«ስነካዎት ይሰማዎታል?»

«ይሰማኛል» እላለሁ። አይሰማኝም ነበር።

ሻይ ቤት ስቀመጥ ስኳር መተዌን ለሁሉም እሰብካለሁ። ባለቤቱ ቀልደኛ ነው። «ጋሼ፣ ዛሬም መራራውን? ልጅቷ እኮ እዚህ የለችም» አለኝ አንድ ቀን።

«እግዚአብሔር አለ» አልኩት፣ ሰው እንዲሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

«ስኳሩንስ ማን ፈጠረውና?» ብሎ ሳቀ። እኔ ሆዱን ስለሚያመልክ ሰው ረዘም ያለ ተግሣጽ ሰጠሁት።

ማሩን ግን አልተውኩም። ከዳሪሙ ገጠር የሚመጣ አንድ ሽማግሌ ባለጉዳይ የጫካ ማር ያመጣልኛል። በእኛ አገር ማር ለሳልም ለቁስልም መድኃኒት ነው። «ዳማ የንብ ሥራ ነው፤ ስኳር የፋብሪካ» ይለኝ ነበር ሽማግሌው፣ ማሩን በኦሮምኛ ስሙ እየጠራ። መስማት የፈለግሁትን ስለነገረኝ አመንኩት። ማሩን በውሃ በጥብጬ፣ ብርዙን በጠርሙስ አድርጌ፣ ከወረቀቶቼ ሥር እያስቀመጥኩ በቀን ሦስት ጊዜ እጠጣለሁ። ከልቤ ባምንበት ኖሮ አልደብቀውም ነበር።

ሐምሌ ላይ ልጄ ምሳ ይዛልኝ መጥታ ጠርሙሱን አገኘችው። አሸተተችው። ባለጉዳዮች ተራ እየጠበቁ ነበር።

«ይሄ ምንድን ነው፣ አባዬ?»

«ብርዝ ነዋ። መድኃኒት ነው።»

«ስኳር ነው እንጂ። ትቻለሁ ብለውኝ አልነበር?» አለችና ከበረንዳው ጫፍ ቆማ ደፋችው።

አንዲት ባለጉዳይ፣ «ጋሼ፣ ለካ እርስዎም አለቃ አለብዎት» አለች። ሰዎቹ ሳቁ።

አባትነት ሥልጣን ነው ብዬ አምናለሁ፤ ዛሬም አምናለሁ። ነገር ግን ባለሥልጣን ውሸቱ ሲገለጥ መጀመሪያ የሚቀጣው የገለጠበትን ነው። በዚያ ቀን ማምሻውን ውሃ አሙቃ ሳፋውን ስታቀርብ እግሬን ሰበሰብኩ።

«አባቱን በሰው ፊት ያዋረደ እጅ እግሬን አይነካም» አልኳት። «ምርቃቴንም አትጠብቂ።»

«ምርቃቱ ይቅርብኝ፤ እግርዎን ብቻ ልየው።»

ይህንንም ድፍረት አልኩት። በማግስቱም ሳፋውን አቀረበች፣ በሦስተኛውም ቀን። ከሳምንት በኋላ ተወች። ልቧ የተሰበረ መስሎኝ ደስ አለኝ።

የእኛ አገር ክረምት አያባራም፤ ሰው ሁሉ በቦቲ ጫማ ነው የሚሄደው። አንድ ቀን ቦቲዬ ውስጥ ጠጠር ገብቶ ኖሮ ስረግጠው ዋልኩ፤ አልታወቀኝም። ከጥቂት ቀናት በኋላ ካልሲዬ ከእግሬ ሲጣበቅ ዝናብ ነው አልኩ። ሽታውን ከእኔ ቀድማ የለየችው ልጄ ነች። ፈቃድ ሳትጠይቅ ካልሲውን ሳበችው። ሁለቱ ጣቶቼ ጠቁረዋል። አላለቀሰችም። ባጃጅ ልትጠራ ዝናቡ ውስጥ ሮጠች።

ሆስፒታል ውስጥ ሐኪሙ እግሩ ከቁርጭምጭሚቱ በላይ መቆረጥ አለበት አለ። ከዚያ በቁጣ ሳይሆን ለመመዝገብ ያህል ወደ ልጄ ዞረ።

«ቤት ውስጥ እግራቸውን የሚያይላቸው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«በየቀኑ ታዪ ነበር?»

ቀና ብላ አየችኝ። እኔ ጣሪያውን አየሁ።

«ሰነፍኩ» አለች።

ባለጉዳይን ሁሉ «እውነቱን ብቻ ንገረኝ፣ አለዚያ አልጽፍም» እያልኩ የኖርኩ ሰው ዝም አልኩ። ሐኪሙ የነገረችውን ጽፎ ሄደ።

እግሬ ከተቆረጠ በኋላ፣ ሁለታችን ብቻ በሆንንበት ሰዓት፣ ይቅርታ ጠየቅኋት።

«ይቅር ብዬዎታለሁ» አለች። «ለሐኪሙ ግን ይንገሩት።»

እሺ አልኳት። በማግስቱ ጠዋት ሐኪሙ መጣ። ልጄ ከአልጋው ራስጌ ቆማ ትጠብቃለች። እሱ ስለ ሕመሙ ጠየቀኝ፤ እኔም ስለ ሕመሙ ብቻ መለስኩለት። ሲወጣ እሷ አንሶላውን አስተካክላ ምግብ ልታመጣልኝ ወጣች።