የማይደገም ጭረት

ትልቁ መስታወት ጠረጴዛው ላይ ከተጋደመ ወዲህ ሱቁ ውስጥ ድምፁን ከፍ አድርጎ የተናገረ ሰው የለም። አሮጌ ብርድ ልብስ በለበሰው ጠረጴዛ ላይ ከዳር እስከ ዳር ተዘርግቶ ጣሪያውን፣ የጣሪያውን ዝገትና ጎንበስ የሚልበትን ሰው አገጭ ሁሉ መልሶ ያሳያል። ሴትዮዋ አቧራውን በጨርቅ እየጠረገች የባሏን እጅ በመስታወቱ ውስጥ ትመለከታለች። በቀጥታ ብታየው ያውቅባታል። በመስታወት ውስጥ ግን የሰው ዐይን የት እንዳረፈ ቶሎ አይለይም።

እጁ ይንቀጠቀጣል።

ባሏን ሰፈሩ «አባ መስመር» ይለዋል። መስታወት ሲቆርጥ ማስመሪያውን ለወጉ ነው የሚይዘው ይባልለት ነበር። ሱቁን የከፈቱት በተጋቡ ማግስት ነው ማለት ይቻላል። እሱ ይቆርጣል፤ እሷ ልኬት ትወስዳለች፣ ስቱኮ ታቦካለች፣ ደንበኛ ታነጋግራለች። ያኔ ሥራው ሁሉ የመስኮት ነበር። ኳስ የሚጫወት ልጅ እስካለ ድረስ ጦም አናድርም እያሉ ይሳሳቁ ነበር።

ከዚያ አልሙኒየም መጣ። መስኮቱ ከነፍሬሙ፣ ከነመስታወቱ፣ ከነእጀታው ተገጣጥሞ በመኪና ይራገፍ ጀመር። የከፋው ደግሞ አምጪው ባዕድ አለመሆኑ ነው። የባሏ ታናሽ ወንድም ከመንገዱ ማዶ፣ ፊት ለፊታቸው መሸጫ ከፈተ። የጨው ገደል ሲናድ ሞኝ ይልሳል፣ ብልህ ያለቅሳል ይባላል። አባ መስመር አልላሰም፣ አላለቀሰምም፤ ጭራሽ ገደሉ መናዱን ካደ። «ፋሽን ነው፣ ያልፋል» አለ። ሰው ለብዙ ዘመን የተካነበትን ነገር ዓለም እንደማትፈልገው መስማት ከሞት መርዶ አይተናነስም። መርዶ ደግሞ ማንም ሮጦ አይቀበልም።

እሷ ግን በር ላይ ቋሚ ናትና የሚገባውን ብቻ ሳይሆን የሚመለሰውንም ታያለች። ሰው ጎራ ብሎ «የመስታወት መደርደሪያ ትሠራላችሁ?» ይላል። ባሏ ቀና ሳይል «እኛ የመስኮት ነን» ይላል። ሰውዬው ይወጣል። ሌላው ይመጣል፤ የጠረጴዛ ልባስ ይጠይቃል፤ እሱም ይወጣል። ይህን ስትሰማ ከርማ፣ አንድ ቀን ባሏ አፉን ሳይከፍት «እንሠራለን!» አለች። ጠያቂው ባለ መድኃኒት ቤት ነበር። ልኬቱን ወስዳ ስትመለስ ባሏ ፊቱን አጥቁሮ ጠበቃት።

«ሥራዬን አንቺ ነሽ የምትመርጪልኝ?»

«እኔ አይደለሁም፤ በር ላይ የቆመው ሰውዬ ነው።»

እያጉረመረመ ሠራው። ያማረ ሆነ። ከዚያ በኋላ ቁርጥራጮቹን መጣል ትታ ጠርዛቸውን በድንጋይ እያለሰለሰች ለፀጉር አስተካካዮች የእጅ መስታወት አደረገቻቸው። ቤቱን የያዘችው ትክክለኛዋ ምሰሶ ይህቺው ቁርጥራጭ ነበረች፤ ነገር ግን ማንም ጮክ ብሎ አልተናገረም። ባል የሚጥለውን ሚስት አንስታ ቤት ስታቆምበት፣ ሁለቱም አይተው እንዳላዩ ይተላለፋሉ።

እጁ መንቀጥቀጥ የጀመረው ካለፈው ክረምት ወዲህ ነው። «ብርዱ ነው» አለ። ብርዱ አለፈ፤ እጁ አላለፈለትም። ቀጥሎ የሆነው ደግሞ ከመንቀጥቀጡም የባሰ ነበር፤ ጭረት መድገም ጀመረ። በመስታወት ሥራ ጭረት አይደገምም። በመቁረጫዋ ጫፍ ላይ ያለችውን የምስር ክክ የምታህል የብረት ጎማ አንዴ ትነዳታለህ፣ ከሄደች ሄደች፣ ከዘለለች ዘለለች። ተመልሰህ በዚያው ላይ ከሄድክበት መስታወቱ የሚሰነጠቀው አንተ በፈለግኸው ሳይሆን እሱ በፈለገው በኩል ነው። ይህን ሕግ ገና ሙሽራ ሳለች ያስተማራት እሱ ራሱ ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ ሰፊ መስታወት ደግሞበት እጁ ላይ ፈረሰ። «ክፉ መስታወት ነው» አለ። እሷም ስብርባሪውን ጠረገች። ሆድ ይፍጀው ብላ ዝም አለች።

ዝም ብላ ግን አልተቀመጠችም። ባሏ ከምሳ በኋላ ጋደም ሲል ከጓሮ ገብታ በቁርጥራጭ ላይ ክብ መቁረጥ ትለማመዳለች። መጀመሪያ የሰሃን ያህል፣ ከዚያ የትሪ ያህል። የተበላሸውን ቀብራ፣ የወጣላትን ከጆንያ ሥር ትደብቃለች። ምናልባት ቤት ውስጥ ሁለተኛ ቆራጭ አለ ማለት የመጀመሪያው አልቋል ማለት መስሏት ይሆናል።

ዛሬ ጠረጴዛው ላይ ያለውን መስታወት ያመጣችው ቬሎ የምታከራይ ሴት ናት። መስታወቱ የራሷ ነው፤ ከሩቅ አገር አስጭና፣ በጥጥ አስጠቅልላ ያስመጣችው። ነገ ሱቋን ትከፍታለች። ሙሽራ ፊቱ የምትቆምበት ትልቅ ክብ ሆኖ እንዲቆረጥላት ትፈልጋለች። ሌላ እንዲህ ያለ መስታወት በከተማው የለም። በሩ አጠገብ ቆማ የቦርሳዋን ማንገቻ ትጠመዝዛለች።

የባሏ ወንድምም መጥቷል። በርጩማ ስቦ ተቀመጠ።

«ወንድም ጋሼ፣ ልትቆርጠው ነው ወይስ ልታስተኛው? ብርድ ልብሱን አልብሰኸዋል፤ እሹሩሩ ብቻ ነው የቀረው።»

«አንተ ልጅ፣ አርፈህ ተቀመጥ።»

«ተቀምጫለሁ። መልሴን ልወስድ ነው የመጣሁት። ዛሬ እነግርሃለሁ ብለኸኛል።»

«ይህን ልጨርስና።»

ሴትዮዋ ጨርቁን የያዘ እጇን አቆመች። ወንድምዬው ሱቁን ለአልሙኒየም መጋዘን ይፈልገዋል። ለወንድሙም «ከኔ ዘንድ በደመወዝ ቁጭ ትላለህ፣ ሻይህን እየጠጣህ» ብሎታል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ባሏ «ይህን ልጨርስና» ሲል ነገሩ ገባት። መስታወቱን ዳኛ አድርጎ አጋድሞታል። ከወጣለት እንቢ፣ ከተሰበረበት እሺ። የአንድ ቤተሰብ እንጀራ በአንድ ጭረት ላይ።

ብትናገር ባሏን በታናሽ ወንድሙ ፊት ታዋርደዋለች። ዝም ብትል የሰው አደራ ይሰበራል፤ ሱቁም ይሄዳል። ዝምታ ፍቅር የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ፍርሃት የሚሆንበትም አለ። ሁለቱን የሚለያቸው መስመር ግን በዐይን አይታይም። ዝም አለች።

አባ መስመር ኮምፓሱን አነሳ። ራሱ የሠራው ረጅም ብረት ነው፤ አንዱ ጫፉ መሀል ላይ በሚጫን የጎማ እግር ይቆማል፣ በሌላው ጫፉ መቁረጫዋ ትታሰራለች። የመቁረጫዋን ጫፍ ላምባ ውስጥ ነከረ። አሳረፋት። አነሳት። እንደገና ነከረ።

«ጋሼ፣ ችግር አለ እንዴ?» አለች ባለ ቬሎዋ።

«የለም» አለና ነዳት።

መቁረጫ ደህና ሲሄድ ድምፁ ሐር ሲቀደድ ይመስላል። ሴትዮዋ ዐይኗን ከድና በጆሮዋ ተከተለችው። ሐሩ ተቀደደ፣ ተቀደደ፣ የክቡን ሩብ ያህል እንደሄደ ለቅጽበት ጸጥ አለና እንደገና ቀጠለ። ያቺ ጸጥታ የጥፍር ያህል ቦታ ናት። እዚያ ላይ ጎማዋ ዘላለች። ባሏም ሰምቷል። ቆመ። ኮምፓሱን ቀስ አድርጎ ወደ ኋላ መለሰው፤ የዘለለችው ቦታ ላይ አመጣው፤ ሊጫን ሲል ሴትዮዋ የእጁን አንጓ አፈፍ አደረገች።

«እንዳትመልሰው!»

በዚያ ሱቅ ውስጥ እንዲህ ያለ ድምፅ ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ወንድምዬው ከበርጩማው ተነሳ።

«ኧረ ጉድ! ዛሬስ በዐይኔ አየሁ።»

«እጄን ልቀቂ» አለ ባሏ፣ ዝግ ባለ ድምፅ።

«አልለቅም።»

«ሴትዮ፣ ልቀቂ ብያለሁ።»

«ከደገምከው ይፈርሳል። ያስተማርከኝ አንተ ነህ።»

«እትዬ፣ ተዪው እንጂ፣ ወንድ ልጅ ሥራውን ይጨርስ!» አለ ወንድምዬው። «ትንሽ ነገር ናት፤ ጫን ቢላት ትወጣለች።»

ባለ ቬሎዋ ጠጋ አለች። «ምንድን ነው? ተሰበረ?»

ሴትዮዋ የባሏን እጅ ሳትለቅ ዞረች። እንዲህ ባለ ሰዓት ብዙ ነጋዴ የሚዋሸው ክፉ ስለሆነ አይደለም። ውሸት ጊዜ ትሰጣለች፣ በዚያች ሰዓት ደግሞ ከጊዜ ሌላ የሚፈለግ ነገር የለም።

«እህቴ፣ አልተሰበረም። መስመሩ ግን ዘሏል። በዚሁ ከቀጠልን ይሰበራል። ክቡን ወደ ውስጥ አስገብተን፣ በዙሪያው የመዳፍ ስፋት ያህል አሳንሰን ብንቆርጠው ግን ይወጣል ብዬ አስባለሁ። ካልፈለግሽ እንዳለ ትወስጂዋለሽ፤ እኛም እንከስልሻለን።»

«ያነሰ? እኔ እኮ ሙሽራዋ ከዘውዷ እስከ ጫማዋ እንድትታይ ነው ያን ሁሉ የለፋሁት!»

ሴትዮዋ ያኔ የባሏን እጅ ለቀቀችና ደንበኛዋን ወደ ግድግዳው ወሰደቻት። ከሰው ቁመት ግማሽ ትንሽ የሚያልፍ ጠባብ መስታወት እዚያ ተሰቅሏል።

«ቁሚ። ጫማሽ ይታይሻል?»

«ይታየኛል።»

«ፀጉርሽስ?»

«...ይታያል።»

«አሁን መስታወቱን ራሱን እዪው። ካንቺ ግማሽ እኮ ነው። ሰውን ሙሉ የሚያሳየው አሰቃቀሉ ነው። ልስቅለውም እኔ ራሴ እመጣለሁ።»

ባለ ቬሎዋ ወደፊት ሄደች፣ ወደኋላ ተመለሰች፣ ጫማዋን አየች። ጫማዋ አልጠፋም። ከዚያ ዐይኗ ወደ አባ መስመር ቀኝ እጅ ሄደና እዚያ ቀረ።

«ማን ነው የሚቆርጠው?»

ባሏ እጁን ወደ ኪሱ ከተተ።

«እኔ» አለች ሴትዮዋ።

«ሽንኩርት መሰላት!» ብሎ ወንድምዬው ሳቀ። ከሱ ሌላ የሳቀ የለም።

«አንቺ? በምን እጅሽ?» አለ ባሏ።

ጆንያውን ገለጠችና ትሪ የሚያህለውን ክብ አውጥታ ሰጠችው። አገላበጠው። ጠርዙ ላይ በአውራ ጣቱ ጥፍር ዞረ። ፊቱ ላይ የመጣውን ነገር ልትለየው አልቻለችም፤ ቁጣም ይመስላል፣ ከቤቱ የጠፋ ዕቃ ጎረቤት ቤት ያገኘ ሰው ግርምትም ይመስላል።

«ከዚህ የሚበልጥ ሞክረሻል?»

«አልሞከርኩም።»

ከዚያ የኮምፓሱን ብሎን ፈታ፣ ክንዱን አሳጠረ፣ አጠበቀ። የጎማ እግሩን መሀል ላይ አኑሮ በሁለት እጁና በደረቱ ክብደት ተጫነው። በክብደት የተያዘ እጅ አይንቀጠቀጥም።

«ዙሪ። መንገድ ላይ እንዳትቆሚ። ከቆምሽ አለቀልን።»

መቁረጫዋን ላምባ ውስጥ ነክራ አሳረፈች። እንደተጫነች እግሯ ራሱ መሄድ ጀመረ። ሐሩ ይቀደዳል። በጠረጴዛው ጥግ ስታልፍ ቀሚሷ ምስማር ያዘው፤ ጨርቁ ጥርቅ ብሎ ተቀደደ፤ አልቆመችም። በባሏ ፊት በኩል ስትዞር የትንፋሹን ሙቀት አንገቷ ላይ ሰማችው። መጨረሻው መጀመሪያውን ሊነካ ሲል እጇን ልታነሳ ቃጣት።

«ገና ነው!» አለ እሱ።

ነዳችው። ጭረቱ ጭረቱን አገኘ።

ትርፉ መስታወት ክንፍ ክንፍ ሆኖ እንዲለቅ ከክቡ ወደ ዳር ማስተንፈሻ መስመሮች ጫሩ። ባሏ ከጠረጴዛው አወጣ እያደረገ ሲደግፍ እሷ ከሥር በመቁረጫዋ እጀታ ቆረቆረች። አንዱ ክንፍ ወደቀ። ሁለተኛው ወደቀ። ሦስተኛው ላይ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ወደ ክቡ አቀናች። አራቱም አዩዋት፤ ወንድምዬው ሳይቀር ትንፋሹን ዋጠ። ስንጥቋ ክቡ ጭረት ላይ ደርሳ እንደ ታዘዘች ጎበጠችና ዳር ዳሩን ሄደች። የመጨረሻው ክንፍ በእጃቸው ቀረ።

ባለ ቬሎዋ ያለቀሰችው ያኔ ነው። በርጩማው ላይ ማንም አልተቀመጠም ነበር፤ ሄዳ ተቀመጠችበት።

«እንግዲህ ወንድም ጋሼ» አለ ወንድምዬው ትንሽ ቆይቶ፣ የቀድሞው ጨዋታ ከድምፁ ጠፍቶ። «መልሱስ?»

አባ መስመር ሚስቱን አላያትም። «የቆረጠችው እሷ ናት። መልሱንም ከሷ ውሰድ» ብሎ ወጣና በሩ ፊት ለፊት ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

ቃሉ ልቧን ወጋት። ሹመት ይሁን ስንብት አለየችውም። ስታስበው ምናልባት ሁለቱም ነው፤ በአንድ ቤት አንዱ ሳይሰናበት ሌላው የሚሾምበትን መንገድ እስካሁን ያገኘ የለም።

«ሱቁ አይሰጥም» አለችው ለወንድምዬው። «ደንበኞችህ የገላ መታጠቢያ መስታወት፣ መደርደሪያ ሲጠይቁህ ግን ከማዶ ወደኛ እየላክህ አታድክማቸው፤ ትእዛዙን ስጠን።»

«እትዬ፣ ለካ መስታወት ቆራጩ አልማዝ ምላስሽ ላይ ነው!» አለና ኮፍያውን አጥልቆ ሄደ። እሺም አላለም፣ እንቢም አላለም።

ጠርዙን ማለስለስ ቀርቷታል። ድንጋዩን በውሃ አርሳ ጀመረች። ጥቂት እንደሄደች ጥላ መስታወቱ ላይ ወደቀ። ባሏ ነው። ጎንበስ ብሎ ጠርዙን በጣቱ ተከተለና አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

«እዚህ ጋ ሻካራ ነው። የሙሽራ እጅ ልታስቆርጪ ነው?»

«አልደረስኩበትማ!»

ድንጋዩን ከእጇ ወሰደው። ድንጋይ መፈግፈግ እጅ ቢንቀጠቀጥም ባይንቀጠቀጥም ያው ነው። ከሷ ፊቱን አዙሮ ይፈገፍግ ጀመር። ተቀይሞ ይሁን ታርቆ ከጀርባው ልታነብ ብትሞክር አልሆነላትም። ውሃውን እያፈሰሰችለት ቆመች።