የአሶሳ በሮችና ዶማዎች

ሰኞ፣ ንጋት። ባምባሲ

ወፍ ሲንጫጫ ተነሣን። ሁለት በቅሎ፣ አንድ ቀንድ ቀለም፣ አንድ ስልቻ በሶና መንገድ መሪዬ ኢድሪስ። የተላክሁት የአሶሳን ዙሪያ መንደሮች አይቼ የወርቁ ግብር በምን እንደሚደለደል ለሹሙ እንድጽፍ ነው። መልሱን ግን ሳልነሣ አውቀዋለሁ፦ በበር። ከአንድ የአጥር በር፣ በወፍ ላባ ቱቦ ተለክቶ አንድ ቱቦ የወርቅ ብናኝ። ሁሉ እኩል ከከፈለ ማን ይከፋዋል? በዚህ ሐሳቤ እንደ ሊቅ እኮራ ነበር።

መንገዱ ቀይ አፈርና ቀርከሃ ነው። ቀትር ላይ በአንድ አሞሌ ጨው አንድ ቅል ማርና ሁለት ዶሮ ገዛን። ኢድሪስ ተወደደ ብሎ አጉረመረመ፤ ጨዉ ግን የወጣው ከኔ ስልቻ ነው።

ማክሰኞ፣ ከቀትር በኋላ

አሶሳ ለመድረስ ጥቂት ሲቀረን አንድ መንደር ውስጥ አረፍን። የመጀመሪያው በር የሐጂ ኑር ነው፤ ከሱዳን ጨርቅ የሚያመጣ፣ በወንዙ ዳር ወርቅ የሚያስቆፍር ነጋዴ። ቀጥሎ ያለው የሐዋ፤ ባሏ የሞተባት ወርቅ አጣቢ ናት። አንድ ጎጆ፣ አንዲት ልጅ፣ አንድ ዶማ።

ደንቡን በኢድሪስ አፍ ነገርኋት። ሰምታ በቋንቋዋ መለሰች።

«ሐዋ ቱቦ መሙላት አይችልም፣ ጌታዬ» አለ ኢድሪስ፤ አማርኛው ሴትና ወንድ አይለይም። «ሐጂ ኑር ይከፍልለታል። ግን መዲናን ይወስዳል።»

መዲና ልጇ ናት። ሐጂ ኑር ግቢ ለሥራ የገባ ሰው አይወጣም፤ ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አላሻኝም።

«እኩል ነው እኮ» አልሁት።

«እኛ መስጊድ ስንሠራ እህል በበር አናዋጣም። በዶማ ነው። ብዙ ዶማ ያለው ብዙ ያመጣል» አለ ኢድሪስ።

ረቡዕ፣ ማለዳ

መንገድ ዳር ቆምሁ። ከሐጂ ኑር አንድ በር ባሮቹ ዶማ ተሸክመው ወጡ፤ እስኪሰለቸኝ ቆጠርሁ። ከሐዋ በር ሐዋ ወጣች። አፈርሁ።

ከሰዓት በኋላ መንደሩን ዋርካ ሥር ሰብስቤ ተናገርሁ፦ የመንደሩ ግብር በዶማ ቁጥር ይካፈላል፤ ነገ ጠዋት በየደጁ ያለውን አያለሁ። ሐጂ ኑር ፈገግ ብሎ የፍየል ጥብስ ጋበዘኝ። ጥብሱን ሳጣጥም ፈገግታውን ረሳሁት።

ሐሙስ፣ ጠዋት

በሐጂ ኑር ደጅ ሦስት ዶማ። በሐዋ ደጅ ስድስት፤ በሌሎቹ ድሆች ደጅም እንዲሁ በዝቷል። ሐዋ አጠገባቸው ቆማለች፣ ፊቷ ጠቁሯል።

«አምስቱን ሐጂ ኑር ነው የላከው» አለ ኢድሪስ። «እምቢ ማለት ይፈራል።»

የኔ ብልሃት በአንድ ምሽት ሐዋን ከመንደሩ ባለጸጎች አንዷ አደረጋት፤ መዲናን ደግሞ ወደ ሐጂ ኑር በር አቀረባት። ተናደድሁ፣ በተለይ በራሴ። ሰዉን መልሼ አስጠራሁና ወረቀቴን ከፍ አድርጌ አነበብሁ፦ «በየደጁ የተገኘ ዶማ ሁሉ የዚያ ደጅ ባለቤት ንብረት ነው። ቀትር ላይ ይጻፋል።»

ኢድሪስ ሁለት ጊዜ ተረጎመው፣ ሁለተኛውን ማንም ሳይጠይቀው።

«ጌታው ጎበዝ ጸሐፊ ነው» አለ ሐጂ ኑር በአማርኛ። አልሳቀም።

ቀትር ሳይደርስ ዶማዎቹ ከየጎጆው ወደ ሐጂ ኑር ግቢ ተመለሱ። የተሸከሟቸው ባሮችም አብረው ገቡ። ስለ እነሱ እንድጽፍ አልታዘዝሁም፤ አልጻፍሁምም።

ዓርብ፣ ንጋት

በቅሎዎቹን ጭነን በሐዋ ደጅ ስናልፍ ሁለት ዶማ ቆሞ አየሁ። አንዱ የሐዋ አሮጌ ዶማ ነው፤ የሌላው ብረት አዲስ ነው። እኔ ትናንት ቀትር አንድ ብቻ አይቼ አንድ ብዬ ጽፌ ነበር። ሐዋ የበቅሎዬን ልጓም ያዘችና ተናገረች።

«ከሐጂ ኑር ዶማ አንዱን አልመልስም ይላል» አለ ኢድሪስ። «ከመዲና ጋር ሁለት ሆነው ይቆፍራሉ። ሁለት ጻፍ ይላል።»

«ግብሩ ይጨምርባታል በላት።»

ነገራት። ልጓሙን አልለቀቀችም።

ሹሙ የጻፍሁትን ይቀበል አይቀበል አላውቅም፤ በር መቁጠር ይቀላል። ከበቅሎ ወርጄ፣ ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ፣ «አንድ» የሚለውን ሰርዤ «ሁለት» ጻፍሁ። አሶሳ ስንገባ ቀለሙ ደርቆ ነበር።