ሚስቴ የወረደችበት ሐይቅ

ሐሙስ ንጋት፣ ሆሳዕና

ጎህ ሲቀድ ጭነቱ አልቆ ነበር። ፒክአፑ ላይ የተደረደሩት ሲሊንደሮች በብርድ ልብስ ተጠቅልለዋል፤ ጥንድ ጥንዶቹ ጀርባ ላይ የሚታዘሉ፣ ነጠላዎቹ በጎን የሚንጠለጠሉ። የመኪናው ባለቤትና ሾፌር ጋሽ ላቲሶ ገመዱን ደጋግሞ እየጎተተ ይፈነዱ እንደሆን ጠየቀኝ። አይፈነዱም አልኩት። «እንግዲህ ከፊታቸው የምቀመጠው እኔ ነኝ» ብሎ ሞተሩን አስነሳ።

ተጓዦቹ እኔ፣ ባለቤቴ ሜሮንና የዱራሜው ጓደኛችን ኤርሲዶ ነን። እንደ ብዙ የአካባቢያችን ልጅ እኔና ኤርሲዶም ደቡብ አፍሪካ ሄደን ሱቅ ስንጠብቅ ኖረናል። ኋላ ግን በውቅያኖሱ ዳርቻ አንድ የጠላቂዎች ሱቅ ቀጠረን፤ ሲሊንደር ስንሞላ ቆይተን ራሳችንም መጥለቅ ጀመርን። ሜሮን ተከትላኝ ስትመጣ ውሃ ውስጥ መተንፈስን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ከተመለስን ወዲህ የጉድጓድ ፓምፕ እየተከልን እንኖራለን፤ ውሃ ውስጥ የሚሠራ ሥራ ሲገኝም ይጠሩናል።

አሁን የጠሩን ከሙዱላ በታች፣ ግድቡ ኦሞ ላይ ከፈጠረው ሐይቅ አጠገብ የሚኖሩ ሴቶች ናቸው። መንደራቸው መኪና አይገባበትም። ማኅበራቸው የገዛውን ወፍጮ በጀልባ ሲያጓጉዙ ጀልባውን ንፋስ ገለበጠው። ሰዎቹ ዋኝተው ወጡ፤ የወፍጮው ሞተርም ለሚቀጥለው ምልልስ ዳር ላይ ቀርቶ ስለነበር ተረፈ። ወፍጮው ግን ሰጠመ። ዓሣ አጥማጆች ድንጋይ በገመድ አስረው ቢለኩት ሃምሳ ሰባት ሜትር ሆነ።

እዚያ ጥልቀት ላይ ተራ አየር ይወፍራል፤ ለመሳብ ይከብዳል፤ ናይትሮጅኑ ደግሞ እንደ አረቄ ያሰክራል። ስለዚህ አየሩን በሂሊየም እናቀጥነዋለን። ሂሊየም አዲስ አበባ ውስጥ የሠርግ ፊኛ የሚነፋበት ጋዝ ነው፤ ፈልገን ያገኘነው ለሁለት ሰው ብቻ የሚበቃ ነው። የጥልቅ ውሃ ፈቃድ ግን ሦስታችንም አለን።

ስሌቱን የሠራሁት እኔ ነኝ። ደንቡ ቀላል ነው፤ ከተሸከምከው ጋዝ ሲሶው ለመውረጃና ለሥራ፣ ሲሶው ለመውጫ፣ ቀሪው ሲሶ ደግሞ ጓደኛህ ቢቸገር ለእሱ ነው። ሲሶው ስንት ደቂቃ እንደሚያቆይ የሚወስነው የሰውየው አተነፋፈስ ነው። ሜሮን በደቂቃ አሥራ ሁለት ሊትር ትተነፍሳለች፤ ኤርሲዶ አሥራ አራት፤ እኔ ሃያ። ይህ ሰፊ ሳንባዬ ቤተ ክርስቲያን ስዘምር ያስመሰግነኝ ነበር። ስሌቱን ደጋግሜ ሠራሁት፤ በሠራሁት ቁጥር ቀሪው እኔ ሆንኩ።

«በቃ ሜሪ፣ እኔና አንቺ ነን» አለ ኤርሲዶ። ሜሪ ብሎ የሚጠራት እሱ ብቻ ነው።

ሐሙስ ረፋድ፣ አንጋጫና ዱራሜ

ከሆሳዕና ወደ አንጋጫ መንገዱ በእንሰት መሃል ይጠማዘዛል። ሌሊት ዘንቦ ስለነበር አፈሩ ቀልቷል፤ ባጃጆች ጭቃ እየረጩ ያልፋሉ፤ የደንብ ልብስ የለበሱ ተማሪዎች ጥግ ጥጉን ይይዛሉ። አንጋጫ ላይ ቆመን አቮካዶ ገዛን። ሻጯ በከምባትኛ ስትናገር ኤርሲዶ መለሰላት፤ ሜሮንም ከእሱ የለቀመቻትን አንዲት ቃል ጣል አደረገች። ሁለቱ ሲስቁ እኔ አቮካዶ እጨምቃለሁ።

ዱራሜ ኤርሲዶ ቤት ገብተን የቀረውን ዕቃ ጫንን። አልጋው ሥር፣ ሳጥን ውስጥ፣ የወጣውን ትንፋሽ አጣርቶ መልሶ የሚያስተነፍስ መሣሪያ እንዳለው አውቃለሁ። ከእሱ የሚወጣ አረፋ የለም፤ ጋዝም እምብዛም አይበላም። እሱን ከያዝን ሂሊየሙ ለሦስታችንም ይበቃል አልኩ። ኤርሲዶ ኦክስጅኑን የሚለኩት ሴንሰሮች ማርጀታቸውን፣ ሲሳሳቱም ሳያስጠነቅቁ ሰው እንደሚያደነዝዙ አስረዳኝ። ልክ ነበር። ልክ መሆኑ ይበልጥ አናደደኝ። ወደ ሜሮን ዞርኩ።

«ከኤርሲዶ ጋር ነኝ» አለችኝ። «ሲሊንደር ቢከብድም ሲበላሽ ይታያል።»

ከዱራሜ ስንወጣ አምባሪቾ ተራራ ጭጋግ ለብሶ በመስኮት ታየ። ኤርሲዶ ልጅ ሳለ ስንት ጊዜ እንደወጣው ይተርካል፤ ሜሮን ታዳምጣለች። እኔ የተራራውን ጀርባ ሳይሆን የሜሮንን ጀርባ እያየሁ ተጓዝኩ።

ሐሙስ ማምሻ፣ ከሙዱላ በታች

ሙዱላ ስንደርስ ገበያው እየተበተነ ነበር። ቆጮ በጎመን በላን። ከዚያ መንገዱ ቁልቁል ወረደ፤ ሙቀቱ ጨመረ፤ እንሰቱ አልቆ በቆሎና ቁጥቋጦ መጣ። ሐይቁ በገደሎቹ መሃል ቡና አይነት ቡናማ ሆኖ ተኝቷል። ጋሽ ላቲሶ ለረጅም ጊዜ ተመለከተውና ጥልቁ የት ጋ እንደሆነ ጠየቀ። ኤርሲዶ በጣቱ አሳየው።

እዚህ አንድ ነገር ለጋሽ ላቲሶ ማስረዳት ነበረብኝ። ሐይቁ ቆላ ነው፤ የእኛ አገር ደጋ ነው። ከጥልቅ ውሃ የወጣ ሰው ደሙ ውስጥ ገና ጋዝ አለ፤ ወዲያው ተራራ ከወጣ ጋዙ እንደተከፈተ ለስላሳ ይፈላበታል። ስለዚህ ሁለቱ ከወጡ በኋላ እስከ እሁድ እዚሁ ዳር ላይ ይቆያሉ። የእኔ ጥልቀት ግን ትንሽ ስለሆነ በማግስቱ መውጣት እችላለሁ።

«ያንተ ይሻላላ» አለኝ። ሲሊንደሮቹን ማውረድ ጀመርኩ።

ዓርብ፣ ውሃው ውስጥ

ጠዋት የሁሉንም ሲሊንደር ጋዝ በመለኪያ ፈተሽኩ። የሜሮንን ቀበቶዎች አንድ በአንድ ሳብኩ፤ ኤርሲዶ ደግሞ ከኋላዬ መጥቶ እንደገና ሳባቸው። እሷ ለሁለታችንም እጇን ከፍ አድርጋ ቆመች።

የእኔ ሥራ ሃያ አንድ ሜትር ላይ የመውረጃውን ገመድ ይዤ መጠበቅ ነው። ሲመለሱ ኦክስጅን የበዛበትን ሲሊንደር አቀብላቸዋለሁ፤ ከዚያ ቀስ እያልን፣ እየቆምን አብረን እንወጣለን። መብራቶቻቸው ከእግሬ ሥር ቁልቁል ሄዱ። ቡናማው ውሃ መጀመሪያ የእሷን፣ ቀጥሎ የእሱን መብራት ዋጠ። የቀረልኝ አረፋቸው ብቻ ነበር፤ እሱም ተደባልቆ ስለሚመጣ የትኛው የማን እንደሆነ አይለይም።

እውነቱን ልጻፍ። እዚያ ተንጠልጥዬ ለሚስቴ አልፈራሁም ነበር፤ ቀንቼ ነበር። አሁን ታች ደርሰዋል፣ አሁን እጅ ለእጅ ተያይዘው እየፈለጉ ነው እያልኩ ነበር። ወፍጮውን ባያገኙት ብዬም ተመኘሁ።

ከዚያ ዕቃ ለማንሳት በአየር የሚነፋው ትልቅ ከረጢት ገመዱን ታክኮ ሽቅብ አለፈ፤ ከሥሩ የተንጠለጠለው ብረት ወፍጮው ነው። አግኝተውታል። ከኋላው መውጣት ነበረባቸው፤ አልወጡም። ታች ድንገት አረፋ እንደ ማዕበል ፈላ፤ ቆይቶ ጠፋ። ያኔ ቅናቱ ጥሎኝ ሄደ፤ ልወርድ ፈለግሁ። ግን የያዝኩት ኦክስጅን የበዛበት ጋዝ ከዚያ በታች መርዝ ነው። ገመዱን ጨብጬ ቆየሁ።

መብራት ታየኝ። አንድ መብራት ነበር፤ ሲቀርብ ሁለት ሆነ። ተቃቅፈው ነበር የሚወጡት። ኋላ ኤርሲዶ እንደነገረኝ፣ የሜሮን መተንፈሻ ታች ደለል ገብቶበት ሳይዘጋ ቀርቶ ጋዟን ሲያፈስ፣ በጭቃው ሳይታያት ቫልቩን እስክትዘጋ አብዛኛው አልቆ ነበር። አፏ ውስጥ የነበረው የኤርሲዶ መተንፈሻ ነው፤ ከጀርባው በረጅሙ ቱቦ የመጣ። ከእሱ ነበር የምትተነፍሰው።

ሲሊንደሬን ዘረጋሁላት። የእሱን ከአፏ አውጥታ የእኔን ያዘችና ዓይኖቿን ጨፈነች። ሚስቴ በሕይወት ደርሳልኝ፣ እኔ ግን ያየሁት ክንዷ ላይ የቀረውን የኤርሲዶን እጅ ነበር። ቅናቱ ተመልሶ መጣ፤ ከቅድሙም ይልቅ ከብዶ መጣ።

ወደ ላይ ረጅም ሰዓት ይወስዳል፤ ለማሰብም ይበቃል። ስሌቱን በጭንቅላቴ እንደገና ሠራሁት፤ በኤርሲዶ ቦታ ራሴን አስቀምጬ። በሃያ ሊትር ትንፋሼ ታች ያ ሁሉ ቆይታ ሲታሰብ የሚተርፈኝ ጋዝ ሁለታችንን ሃያ አንድ ሜትር አያደርሰንም ነበር። ለእሷ የሚበቃ ትንፋሽ የነበረው እሱ ነው።

ዳር ስንወጣ ሰው ወፍጮውን በእንጨት ተሸክሞ ሽቅብ ጀምሯል። ሜሮን አሸዋው ላይ ተኝታ ታች ስላየችው ነገር ልትነግረኝ ጀመረች። ውሃ ጠጪ፣ ኋላ ትነግሪኛለሽ ብዬ ተነሳሁ። ልሰማው አልቻልኩም።

ቅዳሜ፣ መንደሩ

የማኅበሩ ሰብሳቢ ወይዘሮ ዓለሚቱ ሰው ልከው ወፍጮው ሥራ ሲጀምር ጠላቂው ይገኝልን አሉ። ከሦስታችን ዳገት መውጣት የሚችል እኔ ብቻ ነበርኩ። ወጣሁ።

ወፍጮውን ፈትተው፣ አድርቀው፣ ግራሶ ቀብተው ተክለውታል። ሞተሩ ተነሳ፤ ቀበቶው ዞረ። ድምፁ መጀመሪያ እንደ ሳል ነበር፤ ከዚያ ያዘው። በቆሎው በላይ ገብቶ ዱቄቱ በታች ወረደ። ወይዘሮ ዓለሚቱ መዳፋቸውን ሰደው ትኩስ ዱቄት ዘገኑና ወደ እኔ መጡ፤ ጉንጬን ነክተው ነጭ አደረጉት። እልልታ ሆነ። የምእመናኑ አገልጋይ ተነሥቶ ወደ ጥልቁ ስለወረደው ወንድማችን እንጸልይ አለ። ሰው ሁሉ ዓይኑን ጨፈነ።

ለሁለት ቀን የተመኘሁት ይኸው ነበር። የኤርሲዶን ቦታ ያዝኩ። ግን ጸሎቱ በላዬ ሲያልፍ የሰው ልብስ እንደለበስኩ ተሰማኝ፤ እጅጌው ረዘመብኝ። እዚያ መሃል እንኳ በኤርሲዶ ቀናሁ፤ እሱ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ልኩ ነበር።

አሜን ሲባል ተናገርኩ። እኔ አልወረድኩም አልኩ። የወረዱት ሐይቁ ዳር ያሉት ናቸው፤ ዳገት መውጣት ስለማይችሉ ነው፤ አንዱ ኤርሲዶ የሚባል የዱራሜ ልጅ፣ ሌላዋ ሜሮን፣ ባለቤቴ። ትንፋሿ ታች አልቆባት ነበር።

ወይዘሮ ዓለሚቱ ዱቄቱን ከእጃቸው አራገፉ።

«ሴት ናት የወረደችው?»

«አዎ።»

«ለእኛ ወፍጮ?»

«አዎ።»

ወደ ሴቶቹ ዞረው በራሳቸው ቋንቋ ተናገሩ። ወዲያው እሳት ተያያዘ። ከመጀመሪያው ዱቄት ገንፎ ተገነፋ፤ መሃሉ ጎድጉዶ ቅቤ በበርበሬ ተሞላ። ከሞት የተመለሰች እንደ አራስ ትብላ ነው ነገሩ። ለኤርሲዶም ሌላ ሳህን ተሞላ። ሁለቱንም በጨርቅ ቋጥረው አሸከሙኝ። ቁልቁለቱን ስወርድ ሙቀቱ ደረቴ ላይ ነበር።

ዳር ስደርስ ሜሮን ቁጭ ብላ ወደ ዳገቱ ታይ ነበር። ሳህኑን ተቀብላ ሳትቀምሰው ወፍጮው ዞረ ወይ አለችኝ። ዞረ አልኳት። እንዴት እንደሚጮኽ፣ ሴቶቹ ምን እንዳሉ፣ ዱቄቱ ላመ ወይስ ሻከረ፣ ሁሉን ጠየቀች።

«እዚህ ድረስ ይሰማል ብዬ ጠዋቱን ሙሉ ጆሮዬን ሰጥቼ ነበር» አለች። «ቀናሁብህ።»

እሁድ፣ ወደ ቤት

ጠዋት ሁለቱም ደህና ሆነው ሽቅብ ጀመርን። ኤርሲዶን ዱራሜ ላይ አወረድነው። ሲሊንደሮቹን ወደ ግቢው ስናስገባ ብቻችንን ሆንን። ላመሰግነው የያዝኩትን ሲሊንደር አስቀመጥኩ።

«ለሷ ለሰጠሃት ትንፋሽ አመሰግናለሁ» አልኩት።

«እየወጣን መለኪያዬን ሳይ ፈርቼ ነበር» አለኝ። «ስሌትህ ልክ ሆነ።»

እጁን ጨበጥኩት። ቅናቱ ለቀቀኝ ብል ውሸት ነው። ግን እጁን ቶሎ አልለቀቅሁም።

ከዱራሜ በኋላ ሜሮን መሃል ወንበር ላይ፣ በእኔና በጋሽ ላቲሶ መካከል ተቀመጠች። አንጋጫ ላይ ዝናብ ያዘን። መስኮቱ ጉም ሲለብስ ከዓርብ ጀምሮ ያልጠየቅኳትን ጠየቅኳት።

«ታች ምን አለ?»

ቀና ብላ አየችኝና ጀመረች። ጥልቁ ላይ ቡናማው እንደሚያልቅና ጥቁር እንደሚሆን፣ መብራቷ መጀመሪያ ያገኘው የአጥር እንጨት እንደነበር፣ አጥሩን ተከትለው ሲሄዱ አንድ ትልቅ ዛፍ ቅርንጫፎቹ ሳይሰበሩ ቆሞ እንዳገኙ፣ ወፍጮው ከሥሩ ተጋድሞ እንደነበር ነገረችኝ። መተንፈሻዋ ሲያፈስ የሰማችውን ድምፅ ነገረችኝ። እኔም ሌላ ምን አለ፣ ከዚያስ እያልኩ ጠየቅኳት። ሲያመኝም ጠየቅኳት።

ጋሽ ላቲሶ በራችን ላይ ሲያቆም በታሪኳ ገና ከሐይቁ ሥር አልወጣንም ነበር። ጭነቱን ላውርድ ወይ አለ። ትንሽ ቆይ አልኩት። ሞተሩን አጥፍቶ እሱም ፊቱን ወደ እሷ አዞረ፤ እስክትጨርስ ሦስታችንም እዚያው ተቀመጥን።