የእቴቴ ጥጥ

እቴቴ በዕድሜያቸው አንድም የሮክ ዘፈን ሰምተው አያውቁም ነበር። በከተማችን ግን እሳቸውን የማያውቅ የሮክ ወዳጅ አልነበረም። ይህ እንዴት ሊሆን እንደቻለ የማወራው እኔ፣ የእህታቸው ልጅ የምትዘፍንበት የሮክ ባንድ ቤዝ ጊታር ተጫዋች ነኝ። ቤዝ ጊታር ሲኖር ማንም ልብ የማይለው፣ ሲጠፋ ግን «ምን ጎደለ?» የሚያሰኝ መሣሪያ ነው። እኔም እንደ መሣሪያዬ ነኝ፤ ለምጄዋለሁ።

እቴቴ የተማሪ ዩኒፎርም ሰፊ ናቸው። ከፊት ሱቃቸው፣ ከኋላ መኖሪያቸው፣ መሃል ላይ ደግሞ ጥቅል ጨርቅ እስከ ጣሪያ የተከመረባት ጠባብ ክፍል አለች። ሕፃን ገና በር ላይ ሲቆም ቁመቱን በዓይናቸው ይጨርሱታል፤ ሜትሩን የሚያወጡት ለወላጅ ደስታ ነው። የቀሚሱን ጫፍ አራት ጣት ወደ ውስጥ አጥፈው ይሰፉታል፤ ልጅቷ ስታድግ እናቷ ስፌቱን ፈትታ እንድታስረዝመው። «ልክክ ያለ ልብስ ለልጅ አይሰፋም» ይላሉ።

ሚጡ የእህታቸው ልጅ ናት። እናቷ ስትሞት ገና ስድስት ዓመቷ ነበር፤ እቴቴ ወሰዷት፣ እሳቸውም ሳያገቡ ቀሩ። እንዳሳደጓት ማንም ይመሰክራል፤ በምን እንዳሳደጓት ደግሞ ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቷል። በምክር ነው። የእቴቴ ምክር ማሽናቸውን እየረገጡ የሚለቁት ስለሆነ በጣም ይፈጥናል፦ የት ነበርሽ፣ ከማን ጋር፣ ምን ሰዓት ነው፣ ጫማሽን አውልቂ፣ መብራቱን አጥፊ፣ በሩን ዝጊ።

ባንዱ የተጀመረው በዚያችው የጨርቅ ክፍል ውስጥ ነው። ጨርቁ ድምፅ ይውጥልናል፣ ኪራይም አንከፍልም። ስማችንን «ዝገት» ስንለው እቴቴ መቀሳቸውን አስቀመጡ። «ሰው ራሱን ዝገት ብሎ ይጠራል? አሁን እናንተን ማን ቤቱ ያስገባል?» አሉን፤ እኛ ግን ቤታቸው ገብተን ተቀምጠናል። የመጀመሪያው ዝግጅታችን ጋራዥ ውስጥ ነበር። ከተመልካቹ ግማሹ መኪናው እስኪጠገን የሚጠብቅ ነው፤ ያጨበጨበልን እንኳ ቶሎ እንድንጨርስለት ይመስለኛል።

ከዚያ ጠቡ መጣ። ሚጡ ጥሩ የቢሮ ሥራዋን ለቃ፣ የጸጉሯን አንድ ጎን ተላጭታ ቤት ገባች። እቴቴ አዩዋት። ማሽኑ ቆመ። የዚያን ቀን ምክር አልነበረም፤ አንድ ቃል ብቻ ከአፋቸው ወጣ፦ «አንቺን ሳሳድግ እኔ ሰው ሳልሆን ቀረሁ!»

ሚጡ ጨርቅ ክፍሉ ገብታ ዘጋች፣ ስትወጣ ዘፈን ይዛ ነበር። «የት ነበርሽ» ይባላል። ከላይ እስከ ታች የእቴቴ ምክር ነው፤ ሦስተኛው ስንኝ ላይ ያች ቃል ሳትቀነስ ሳትጨመር ገብታለች። ያንን ዘፈን በተጫወትን በዓመቱ ዝነኞች ሆንን። ሚጡ «የት ነበርሽ?» ስትል ሕዝቡ «አልናገርም!» ብሎ ይጮኻል፤ ጣሪያ ያስነሳል። አድናቂዎቿ «ነጎድጓዷ» አሏት። ነጎድጓዷ ቤቷ ስትገባ ሰሃን ታጥባለች፤ ይህን ለአድናቂዎቿ አልነገርንም።

እቴቴ ዝናዋን የሰሙት ከደንበኞቻቸው ነው። «እንደዚያ ስትጮህ ጉሮሮዋ ሊበጠስ ነው» አሉና በፔርሙዝ ማርና ሙቅ ውኃ ይዘው፣ ታጣፊ በርጩማቸውን አንጠልጥለው ዝግጅታችን ላይ ከች አሉ። ሚጡ ፊቷ አመድ መሰለ። በሩ ላይ ይዛቸው፣ «ጆሮሽን ይጎዳሻል እቴቴ፣ ይሄን ክተቺበት» ብላ ጥጥ ሰጠቻቸው። እሳቸውም መረቋት፤ «አየህ ቀጮ፣ ለጆሮዬ ታስብልኛለች» አሉኝ። ቀጮ እኔ ነኝ። ዘወር ስል ሚጡ እጄን ጨብጣ፣ «ያቺን ቃል ከሰማች ዓይኗን ማየት አልችልም» አለችኝ።

የእቴቴ ጥጥ ደግሞ እንደ ሌላው ሰው ጥጥ አይደለም። በቀጣዩ ጊዜ የራሳቸውን፣ የኮት ትከሻ የሚሞሉበትን፣ ጠቅጥቀው መጡ። «ምን ይሰማዎታል?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ወፍጮ ቤት የተቀመጥኩ ያህል ነው፤ ግን ትታየኛለች» አሉ።

አድናቂዎቻችን ግን ሌላ ነገር ገባቸው። የዘፈኑ ባለቤት እሳቸው መሆናቸው ወሬው ደርሷቸዋል፤ ስለዚህ እቴቴ ሁሉን እያወቁ፣ «እኔም አልሰማችሁም» እያሉ የሚያሾፉ መሰላቸው። ወደዷቸው። በቀጣዩ ዝግጅት አንዷ ጆሮዋ ላይ ጥጥ ወትፋ መጣች፣ ከዚያ አሥር ሆኑ፣ ከዚያ ሁሉም። ጥቁር ጃኬት፣ ሰንሰለት፣ ከግራና ከቀኝ ነጭ ጥጥ። የሰፈሩ ፋርማሲስት የጆሮ በሽታ የገባ መስሏት ደንግጣ ነበር። እኛም እንዲሰሙን ብለን ድምፅ ጨመርን፣ እነሱም ጥጥ ጨመሩ። እቴቴ ዙሪያቸውን አይተው፣ «ጎሽ፣ ልጆቹ ጨዋዎች ናቸው፣ ለጆሯቸው ይጠነቀቃሉ» አሉ።

ይሄ ሁሉ እስከ ስፖርት አዳራሹ ድረስ ሄደ። እሑድ ከሰዓት፣ ከተጫወትንባቸው ሁሉ ትልቁ ቦታ። ሕዝቡ ቆሟል፤ እቴቴ ብቻ ከመድረኩ ሥር በርጩማቸው ላይ ፔርሙዛቸውን ታቅፈው ተቀምጠዋል። ሦስተኛው ዘፈን ላይ መብራት ሄደ። ጊታሮቹ ዝም አሉ፤ ከበሮ መቺያችን ለብቻው ጥቂት ደበደበና አፍሮ ተወው።

እቴቴ ያለቀ መሰላቸው። ሁልጊዜ ሲያልቅ እንደሚያደርጉት ጥጣቸውን ከቀኝ፣ ከዚያ ከግራ አወጡና ኪሳቸው ከተቱ። አጠገባቸው ያሉት አይተው እነሱም አወጡ፤ ከኋላ ያለው የፊተኛውን እያየ አዳራሹ በሙሉ ጥጡን አወጣ። ከወዲያ ጥግ አንዱ «የት ነበርሽ?» ብሎ ጮኸ። «አልናገርም!» አለ ሕዝቡ።

እቴቴ ዘወር አሉ። አጠገባቸው ከንፈሯን ጥቁር የተቀባች ልጅ ነበረች። «ምንድን ነው የሚሉት?» አሏት።

«እንዴ እቴቴ! የእርስዎ ዘፈን እኮ ነው፤ አይቀልዱብኝ!» ብላ ሳቀች።

ሚጡን ጠጋ ብዬ፣ «ሌላ ዝፈኚ» አልኳት።

«እየሰማች እኮ ነው» አለችኝ።

«እሱን እኮ ነው የምልሽ!»

«እስከ መቼ ነው ጥጥ የማስወትፋት?» አለችና መድረኩ ጫፍ ላይ እግሯን አንጠልጥላ ተቀመጠች። ያለ ስፒከር፣ ያለ እኔ፣ በባዶ ድምፅ ጀመረች። እውነቱን ለመናገር እኔም ድምጿን በደንብ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ያምራል። «ጫማሽን አውልቂ» ስትል እቴቴ አፋቸውን ከፈቱ፤ «መብራቱን አጥፊ» ስትል አፋቸውን በእጃቸው ይዘው በሳቅ ተንፈራፈሩ። «ይቺ ጉደኛ!» ሲሉ ሰማኋቸው።

ሦስተኛው ስንኝ ላይ ስትደርስ ሚጡ አፏን ከፈተች፣ ድምፅ ግን አልወጣም። ወዳጆቻችን «እንድንዘፍንላት ፈልጋ ነው» አሉ። ክፋት አልነበራቸውም። ያ ሁሉ ሰው በአንድ ድምፅ፣ በፍቅር፣ «አንቺን ሳሳድግ እኔ ሰው ሳልሆን ቀረሁ» ብሎ ዘፈነላቸው።

እቴቴ ተነሡ። ሕዝቡ መንገድ ከፈተላቸው፣ አጨበጨበላቸውም፤ ክብር የሰጣቸው መስሎት። ዘፈኑ አንድ መስመር ይቀረዋል፣ እሱን ሳይሰሙ ወጡ። በርጩማቸውንና ፔርሙዛቸውን ረስተው ሄዱ። እቴቴ በርጩማ አይረሱም።

መብራቱ ሲመጣ እኛ አዳራሹ ውስጥ አልነበርንም። እኔ በርጩማውን፣ ሚጡ ፔርሙዙን ይዘን ወደ ቤት ሄድን። በሩ ጋ ስንደርስ ቆመች። ያ በር እሷ ሳትገባ ተቆልፎ አያውቅም፤ የቱንም ያህል ብትቆይ፣ የቱንም ያህል ቢጣሉ። «ቆልፋው ቢሆንስ?» አለችኝ። ፈርታ ሳያት የመጀመሪያዬ ነበር። በአንድ ጣቷ ገፋችው። ተከፈተ።

እቴቴ ማሽናቸው ላይ ተጎንብሰው ቀሚስ ይሰፋሉ። ቀና ሳይሉ፣ «የት ነበራችሁ?» አሉ።

ስንት ጊዜ መድረክ ላይ ስመልሰው የኖርኩት ነገር ነው፤ ከአፌ አመለጠኝ። «አልናገርም!» ብዬ ጮኽኩ።

ማሽኑ ቆመ። መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። እቴቴ አዩኝ፣ ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ እየሳቁ ነበር፣ እንባቸውም ይወርዳል።

«ብዬሻለሁ» አሏት ለሚጡ፤ «አላልኩም አልልም። ተናድጄ ከአፌ ወጣ፤ ያኔውኑ ቆጭቶኛል።»

«እኔም መዝፈን አልነበረብኝም» አለች ሚጡ።

«አንቺስ ዝፈኚ፣ ነገሩ የኛው ነው። ያ ሁሉ ሕዝብ ምን አግብቶት ነው?» አሉና በእጃቸው ጀርባ ፊታቸውን ጠረጉ። «ደግሞ ሰው ካልሆንኩ፣ ያ ሁሉ ልጅ ጥጥ የሚወትፈው ማንን ብሎ ነው?»

ሚጡ በሩን ተደግፋ ቆማ አለቀሰች።

«መጨረሻው እንዴት ነው?» አሏት። «ሳልሰማው ወጣሁ።»

ሚጡ ጉሮሮዋን ጠረገች። ድምጿ እየተቆራረጠ፣ «በሩን ዝጊ ትላለች፣ ቆልፋው ግን አታውቅም» ብላ ዘፈነችላቸው።

እቴቴ ክሩን በጥርሳቸው በጠሱና፣ «ታዲያ ዝጊው» አሉ፤ «ብርድ ገባ።»

ሚጡ ዘጋችው። ቁልፉን አልነካችውም፤ እኔ ገና ወደ ቤቴ መሄድ ነበረብኝ።